በለቅሶህ ድንኳን ያሳበብነው

ውድ ታዴ፣

ከተለየኸኝ ሦስት ወር ከአሥር ቀን ሆነህ። እንዴት ነሽ ብትለኝ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ቢሮ እገባለሁ። አላለቅስም። እናትህ በዚህ ተቀይመውኛል፤ አልፈርድባቸውም።

አሁን ከልጃችን ጋር ላንቻ አንድ ክፍል ተከራይተናል። የካዛንቺሱ ቤታችን ተቆልፏል። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ከቤታችን ጀርባ ለአዲሱ ሕንፃ የተቆፈረው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆመህ አፈሩን የደገፈውን ግንብ ስትለካ ሻይ በፔርሙስ አመጣልህ ነበር። ግንቡን የያዙት ረጃጅም ብረቶች አፈር ውስጥ በሲሚንቶ እንደታሰሩ፣ አፈሩ ግን ሁልጊዜ ሲሳብ ቀስ በቀስ እንደሚለቅ ያስረዳኸኝ ያኔ ነው። የሚያስፈራው መንቀሳቀሱ ሳይሆን እየቀነሰ አለመምጣቱ ነው ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ከእኔ ይልቅ ግንቡን ታያለህ እያልኩ አኮርፍህ ነበር።

ስታርፍ እድርተኛው ድንኳኑን ግቢያችን ውስጥ ተከለ። ገመድ ማሰሪያ ሲያጡ አጥሩ ሥር ከተከልከው፣ የግንቡን መገፋት ከምትለካበት ችካል ላይ አሰሩት። አይቻለሁ። ዝም አልኩ። ያን ቀን ቤቱን ቢያፈርሱትም ዝም ነበር የምለው። ድንኳኑ ሲነሳ ችካሉ ተጣሞ ነበር። አንተን የተካው ሰርቬየር ለክቶ ግንቡ ብዙ ተገፍቷል አለ። የሕንፃው ኢንጂነር ግን ችካሉን አየና ይሄማ የድንኳኑ ሥራ ነው ብሎ አዲስ አስተከለ፤ ልኬቱም ከዜሮ ተጀመረ። ሁላችንም እፎይ አልን።

ደብተርህ ጃኬትህ ኪስ ውስጥ ነበር። ጃኬቱን መንካት አቅቶኝ በሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ትቼው ነበር። ለሰማንያህ ልብስህን ለነዳያን ልሰጥ ሳወጣ አገኘሁት። የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ቁጥሮች፣ ድንኳን ሳይኖር የተጻፉት፣ ምንም አልቀነሱም። ከቁጥሮቹ በታች "ነገ ለኢንጂነሩ እነግረዋለሁ" ብለሃል። ያረፍከው በማግስቱ ነው።

ሰማንያ ቀን፣ ታዴ። ልጃችን በግንቡ በኩል ባለው ክፍል ነበር የምትተኛው። የጎረቤቶቻችን ልጆችም እንደዚያው። ይቅር በለኝ።

በነጠላ ጫማ ሮጬ ደብተሩን ለኢንጂነሩ ሰጠሁት። ገጹን ሲገልጥ ፊቱ ተለወጠ። በማግስቱ አፋፉ ላይ ያለነውን በሙሉ አስወጡን፤ አሁን ተጨማሪ ብረት እየቀበሩ ነው። ማንም አልተጎዳም።

ኢንጂነሩ ሪፖርቱ ላይ የለካውን ሰው ለመጻፍ ሙሉ ስምህን ሲጠይቀኝ ከነአባትህ ነገርኩት። ከስምህ ፊት "ሟች" ብሎ ጻፈ። እንዲሰርዘው ለመንኩት። ስትለካ በሕይወት ነበርክ። ሰረዘው። እኔም እስካለሁ የማስታውስህ እንደዚያው ነው።

ባለቤትህ
ሰናይት