አጎትሽ ሊቀብረው የነበረው ፋብሪካ

ልጄ ሪሃና፣ አላህ በሰው አገር ከደግ ሰው ያስጠጋሽ። እኛ ደህና ነን፤ እዚህ ሙቱንጎ ዝናቡ በርትቷል። አንቺም ልብስ ደርቢ።

አጎትሽ መንሱር ኪሰንዪ ሰፈር ለሚሠራው ፎቅ መሠረት ሲያስቆፍር የድሮ የጥጥ መዳመጫ ፋብሪካ ወጣ። ሠራተኞቹ ግድግዳው ላይ የጫሩት ስማቸው እንኳ ይነበባል። ያ ድንጋይ አጎትሽ ግን «ቆሻሻ ነው፤ ሰው ሳያየው ሲሚንቶ አፍስሱበት» አለ። ዝም እንድልለትም የፎቁ ምድር ቤት ላይ ሱቅ ሊሰጠኝ ቃል ገባ። እንደ ራሱ የምሸጥ መስዬው ነው። ወዲያው ለሙዚየም ሰዎች ደወልኩ፤ መጥተው ሥራውን አስቆሙት። አሁን ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል። ያንን ፊት ባላይ ምን ይቀርብኛል?

አላህ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። «እናትሽን ምከሪያት» ሊልሽ ይደውል ይሆናል፤ እባክሽ ልጄ፣ ስልኩን አታንሺለት።

እናትሽ ሙህሲና