ካስዬ፣ ጣውንቴ መጥቶ ነበር

ውድ ካስዬ፣

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን ካወጣን ወዲህ ሰዉ "በርቺ" ማለቱን ትቷል፤ እኔም ጥቁሬን አውልቄያለሁ። መኪናህን ልጃችን ሐና ወርሳዋለች፤ ኮሌጅ ትመላለስበታለች። የሰቀልከውን መስቀል አላወረደችም፣ ወንበሩን ግን ወደ ፊት ስባዋለች፤ ቁመቷ የእኔ ነዋ። እኔ እዚያው ሆስፒታል፣ አንሶላ ማጠቢያው ክፍል ነኝ። አርሊንግተን ላይ ሲገነባ እያየህ የምትገረምበት ስታዲየም አልቆ ተከፍቷል። የእኛው ከተማ ጋርላንድ ግን ያው ጋርላንድ ነው።

ዛሬ የምጽፍልህ ይህን ላወራህ አይደለም። ባለፈው ቅዳሜ ጣውንቴ ቤቴ መጥቶ ነበር። አዎ፣ ታቪታ ራሱ።

በሕይወት እያለህ በሳቅ አሳልፈው ነበር እንጂ እቀና ነበር። የሰው ባል ሴት ይይዛል፤ የእኔ ባል መቶ አሥራ አምስት ኪሎ የሚመዝን የራግቢ ተጫዋች ያዘ። ነገሩን ያመጣብኝ ኤርፖርት አብሮህ ሻንጣ የሚጭነው የሳሞአ ደሴት ሰው፣ ዮአኔ ነው። እንግሊዝ አገር የሚጫወት ታቪታ የሚባል ታናሽ ወንድም እንዳለው ነገረህ፤ አንድ ዓርብ ቤቱ ወስዶ ጨዋታውን አሳየህ፤ በቃ፣ አለቀልኝ። በሳምንቱ በረንዳዬ ላይ የሳተላይት ሳህን ተተከለ። እዚያ ሲመሽ እኛ ጋ ከቀትር በኋላ ስለሆነ የዓርብ ሺፍትህን አስለወጥክ። ለልደቴ አንድ ቀን አልለውጥም ያልከውን ሺፍት።

ታሪኩን አንተ ስትደጋግምልኝ ከወንድሞቼ ታሪክ ይልቅ አውቀዋለሁ። ከሲድኒ ባሕር ማዶ ባለችው ኦክላንድ በቤተ ክርስቲያናቸው የልጆች ቡድን መጀመሩን፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሲድኒ ሄዶ ሁለት ዓመት የተቀያሪ ወንበር ላይ መቀመጡን፤ ትከሻው ወልቆ ሲያሰናብቱት የሰሜን እንግሊዝ ቡድን እንደወሰደው፤ ለሳሞአ ተሰልፎ መዝሙሩ ሲዘመር ማልቀሱን። አንተም ሶፋው ላይ አብረኸው አለቀስክ። እኔ የአባቴን መርዶ ስሰማ እንደዚያ አላለቀስክም። አንድ ቀን፣ ነጥብ የማያገባ ሰው ምኑ ይወደዳል ብልህ ተቆጣኸኝ። የፊት ተጫዋች ኳሷን ታቅፎ የሰው ግድግዳ ላይ ይሄዳል፣ ይጥሉታል፣ ተነስቶ ደግሞ ይሄዳል፣ ሌላው እሱ በከፈተው መንገድ አልፎ ይጨበጨብለታል ብለህ አስረዳኸኝ። ስለ ራስህ የምታወራ መሰለኝ።

ስለቱንስ እንዴት ልርሳው? ትከሻው ዳግም ሲወልቅ ለገብርኤል ጃንጥላ ተሳልክለት፤ ሲድን ወስደህ አስገባህ። ቄሱ ማን እንደዳነ ሲጠይቁህ "ዳዊት የሚባል ወንድሜ" ብለህ አለፍክ፤ ታቪታ በእነሱ ዳዊት ማለት ነው። ለእኔ ጉልበት አንድ ጧፍ እንኳን አልተሳልክም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ደረጃ ስወጣ ያመኛል።

ስትሞት ዮአኔ ለቅሶ መጣ። ታጥፎ የተቀመጠ፣ እንደ ጨርቅ የለሰለሰ፣ ጠርዙ ላይ ቀይ ላባ ያለበት ሰሌን በሁለት እጁ ይዞ ፊቴ ጎንበስ አለ። ለቅሶ ቤት መቀመጫ እንደሚያጥር ያወቀ መስሎኝ፣ እንዴት ያለ አሳቢ ሰው ነው አልኩ። ሴቶቹ ወዲያው ተቀብለው ሳሎን ዘረጉት፤ ሦስት ቀን ሙሉ ተቀመጥንበት፤ ሻይም ፈሰሰበት። ይህ ሁሉ ዮአኔ እያየ ነው። ሰዉ ሲበተን በረንዳ አውጥቼ ጫማ አስቀመጥኩበት።

ቅዳሜ ታቪታ ከሚስቱ ከሎሳና ከዮአኔ ጋር መጣ። ጨዋታ አቁሞ እዚሁ ወንድሙ ጋ ሊኖር ነው። በሩን እንዳለፉ ሎሳ በረንዳው ላይ ያለውን ሰሌን አየች። ወጥታ ጫማዎቹን አንድ በአንድ አነሳች፣ ሰሌኑን አራግፋ አጠፈችው። ነገሩን ሐና ጠይቃ ነገረችኝ። የእነታቪታ እናት ከመሞቷ በፊት ለወራት ተቀምጣ የሠራችው ነው፤ በአገራቸው ለተከበረ ሙት የሚሰጥ እንጂ የሚረገጥ አይደለም። ዮአኔ ቤት ተቀምጦለት የነበረውን ለአንተ ይሰጥ ብሎ በስልክ ያዘዘው ታቪታ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን ካስዬ፣ ከእፍረቴ ቅናቴ ባሰ። እኔ ሳላውቅ ባሌን የራሳቸው ሙት አድርገውታል።

ከዚያ ታቪታ ለምን እንዳቆመ ተናገረ። አንገቱ ተጎድቶ ሐኪሙ ሌላ ምት ቢያገኘው ሽባ እንደሚሆን ነግሮት ነበር። ሎሳን ደበቃት። ከአንተ ጋር ግን ለካ በምሳ እረፍታችሁ በዮአኔ ስልክ ታወሩ ኖሯል፤ ለአንተ ነገረህ። አንተም ዛሬውኑ ለሚስትህ ንገራትና ተው አልከው። ውሉ ገና ሁለት ዓመት እየቀረው ተወ። እዚህ ላይ ቢያበቃ እኮራብህ ነበር። የሚቀጥለውን ስትተረጉምልኝ ሐና አንገቷን ደፋች። እንዲህ ብለኸው ነበር፦

"እኔም ልቤን ታምሜያለሁ። ባለቤቴ አታውቅም፤ ከፋሲካ በኋላ እነግራታለሁ።"

ፋሲካ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው ሻንጣ እንዳቀፍክ የወደቅከው። ታቪታ የነገርከኝ መስሎት ኖሯል። ፊቴን ሲያይ ገባውና ያን የሚያህል ሰውዬ ሶፋህ ላይ አለቀሰ። ልቆጣው ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስል የሚሉት ለአንተ ነው። ለእሱ ውቅያኖስ ተሻግረህ የተናገርከውን፣ ለእኔ ትራስ ተሻግረህ መናገር አቃተህ። ምን አድርጌህ ነው? አትችልም ብለህ ነው? ሁለት ልጅ የቀበርኩት እኮ እኔ ነኝ።

ሲሄዱ ውጭ ድረስ ሸኘኋቸው። ታቪታ አንገቱ አይዞርለትም። መኪናውን ወደ ኋላ ሲያወጣ ሎሳ ከጎኑ ሆና ዞራ ታይለታለች፤ በእጇ ጉልበቱን እየነካች ና፣ ቀስ፣ ቁም ትለዋለች። እሱም ሳያይ ያምናታል። እስኪሰወሩ ቆሜ አየኋቸው። በእሱ የነበረኝ ቅናት እዚያው ለቀቀኝ፤ አሁን የምቀናው በእሷ ነው።

ሰሌኑን ከጋቢህ ጋር ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ እንግዲህ ማንም አይረግጠውም። ስምህን በየቅዳሴው አስጠራለሁ፤ አልረሳህም፣ ቃሌ ነው። ግን እንደ ጻድቅ አድርጌ እንዳስታውስህ አትጠብቅ። እየወደድኩህ፣ እየተቆጣሁህ ነው የማስታውስህ። ሎሳ ስትሰማ ባሏን ቤት አስቀረችው። ብትነግረኝ እኔም አስቀርህ ነበር።

ሚስትህ አስቴር