የቡን ቴክ ጣሪያ

ኦክቶበር 2፣ ሰኞ
ጠዋት ልብስ አጠብኩ። ዝናቡ ፋታ ሲሰጠኝ አንሶላውን ይዤ ሰገነት ወጣሁ። ከመስጊዱ እስከ እኛ ቻይናውያን ቤተ መቅደስ ድረስ ያለው የሸክላ ክዳን ሁሉ ርሶ ቀልቷል። ጀልባው ከባሕሩ ማዶ፣ ከበተርወርዝ ከተማ እየመጣ ነበር።
ዞር ስል የቡን ቴክን ጣሪያ አየሁ። ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ። የጣሪያው አናት ከልጅነቴ ጀምሮ ቀጥ ያለ ነበር። ዛሬ መሃሉ እንደ ልብስ ገመድ ረግቧል። ከመንገድ አይታይም፣ የፊት ለፊቱ ግንብ ከልሎታል።
ዓይኔ ይሆን? ሞራው የተገፈፈልኝ ገና ዘንድሮ ነው።

ኦክቶበር 3
መነጽሬን ጠርጌ አየሁት። ያው ነው።

ኦክቶበር 5፣ ሐሙስ
አሩሙጋም ሻይ ሊጠጣ ብቅ አለ። ቡን ቴክ ጣሪያው ላይ የቱሪስት መዝናኛ ሲያሠራ ግንበኛው እሱ ነው፤ ሰባት ወር ሆነው። ጠየቅኩት። ብርጭቆውን እንጂ እኔን አላየም።
«ታች ያለው የመሃል ግድግዳ ፈርሶ ወጥቷል፣ እትዬ። አዳራሹ ይስፋ ተባለ። እኔ ተው ብያለሁ።»
«በምትኩስ?»
«ብረት ገብቷል።»
«ይችላል?»
«ጣሪያውን ይችላል።» ሻዩን ጨለጠ። «ሰው ሲወጣበት እንጃ።»

ኦክቶበር 6
አሩሙጋም ዕቃውን ጠቅልሎ ሄደ። ለዲፓቫሊ፣ ለሂንዱዎቹ የመብራት በዓል፣ ወደ ቤተሰቦቹ ነው አሉ። በዓሉ ገና አምስት ሳምንት ይቀረዋል…

ኦክቶበር 9፣ ሰኞ
ለቡን ቴክ ነገርኩት። ሳቀ።
«እትዬ፣ ዓይንሽን ሲያክሙሽ ምህንድስናም ጨመሩልሽ እንዴ?»
እጄን ይዞ ጣሪያው ላይ ወዳሠራው ሰገነት አወጣኝ። ከጣሪያው አናት ጀርባ አዲስ የጣውላ ወለል፣ አርባ ወንበር። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ባሕሩ መዳብ ይመስላል። ታምራለች ቦታዋ፣ አልዋሽም። የሱም ፊት በራ። እናታችን ስትሞት ስድስት ዓመቱ ነበር፤ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ነው። እንዴት ደስታውን ላጥፋበት?
ግን ወለሉ ላይ የቀረው የዝናብ ውኃ… ወደ አሸንዳው አልሄደም። መሃል ላይ ተጠራቅሟል።
«ይደርቃል» አለኝ።

ኦክቶበር 14
ልብስ ሰፊ አይደለሁ? ጥቁር ክር በሁለቱ የልብስ ማስጫ እንጨቶች መሃል ወጠርኩ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ከጣሪያው ጋር አስተያየሁት። ጫፍና ጫፉ ልክ ነው። መሃሉ ግን ከክሩ በታች ሁለት ጣት ወርዷል።

ኦክቶበር 17
ሦስት ጣት። ሲዘንብ ዋለ። የሰፈሩ ድመቶች በዚያ አናት መሄድ ትተዋል፤ በታች በኩል ነው የሚዞሩት።

ኦክቶበር 20፣ ዓርብ
ሌይ ቹ መጣች፣ የቡን ቴክ ሚስት። ተቀመጪ ብላት አልቀመጥ አለች።
«የላይኛው ክፍል በር አልዘጋ አለኝ። ሁለቴ አስላግኩት።»
«ለሱ ነገርሽው?»
«እንጨት በዝናብ ያብጣል አለኝ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እትዬ፣ ለምርቃቱ ስልሳ ሰው ነው የጠራው።»

ኦክቶበር 27
የመጨረሻ ልመና። አንድ መሐንዲስ ይየው አልኩት።
«ከምርቃቱ በኋላ።»
«በኋላ ምን ያደርግልሃል?»
ቱግ አለ። «አሳድገሽኛል፣ እሺ። አሁን ሲያልፍልኝ ቀናሽብኝ!»
ቀንቼ ይሆን? ቁጭ ብዬ ራሴን መረመርኩ። ፍርሃት እንጂ ሌላ አላገኘሁም።

ኦክቶበር 28፣ ቅዳሜ
የምርቃቱ ቀን። አሥር ሰዓት ላይ ቡን ቴክ ቤት ሄጄ ወደ ሰገነቱ የሚያወጣው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ጠባብ ነው፣ አንድ ሰው ይዘጋዋል። እንግዶቹ መጡ። አልተነሳሁም።
«እትዬ ተነሺ፣ ሰው እያየን ነው።»
«ተራምደኸኝ ውጣ።»
ፊቱ አመድ መሰለ። ታላቅ እህቱን፣ በሰው ፊት… አልቻለም። ሌይ ቹ ኑድሉንና ዓሣውን አንስታ ወደ መንገዱ አወጣች። እንግዶቹ ተከተሏት። ቆመው በሉ፣ ተሳሳቁ።
ምንም አልወደቀም።
ሁሉም ሲሄዱ አጠገቤ መጣ። «ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም።»

ኦክቶበር 29
ጣሪያው እንደቆመ ነው። የሰፈሩ መሳቂያ ሆኛለሁ። ይውደቅ አልልም… ለአንድ አፍታ ግን አልኩ። ሰማይ አይስማኝ።

ኖቬምበር 3፣ ዓርብ
ተከፈተ። ቱሪስቶች ስልካቸውን ወደ ባሕሩ ደግነዋል። አንዲት ልጅ እጇን አወዛወዘችልኝ። ውረጂ ብዬ በእጄ ጠቆምኳት። ሰላምታ መስሏት ደግማ አወዛወዘች።
አራት ጣት ተኩል።

ኖቬምበር 6፣ ሰኞ
ወደቀ።
ሰኞ ስለሆነ ዝግ ነበር። ረፋድ ላይ፣ ዶፍ እየጣለ። ነጎድጓድ አይመስልም፤ የሩዝ ጆንያ ሲቀደድ ነው የሚመስለው፣ ሳያቋርጥ። ከዚያ አቧራ። ከዚያ የሌይ ቹ ጩኸት፣ «ውስጥ ነው! ውስጥ ነው!»
የእሳት አደጋ ሰዎች ቡን ቴክን ለማውጣት ሦስት ሰዓት ፈጀባቸው። እግሩ ወጋግራ ስር ነበር። አጠገቡ አራት የብረት መደገፊያዎች፣ አዳዲስ፣ አንዱ ከነማሸጊያው።
«ጠዋት ነው ያመጣቸው» አለችኝ ሌይ ቹ። «ለእትዬ እንዳትነግሪ ብሎኝ…»
ለካ ሰምቶኝ ነበር።

ኖቬምበር 15
ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ስገባ ፊቱን ያዞርብኛል። የሩዝ ገንፎውን አስቀምጬ እወጣለሁ።

ኖቬምበር 26፣ እሑድ
የምጽፈው በተርወርዝ፣ በሌይ ቹ እህት ቤት ሆኜ ነው። ሦስታችንም እዚህ ነን።
ትናንት ከሆስፒታል አወጣነው። ፍርስራሹን ልየው አለ። በተሽከርካሪ ወንበር ከመንገዱ ማዶ አቆምነው፣ ሌይ ቹ ጃንጥላ ይዛለት። እኔ ልብስ ላነሳ ሰገነቴ ላይ ወጣሁ። ከታች ጮኸ። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ሲያናግረኝ የመጀመሪያው ነው።
«እትዬ! ውረጂ!»
«ምን ሆንክ?»
«ያንቺም! ያንቺም ጣሪያ አናት ሰርጉዷል!»
የሱ ቤት ስለሌለ የኔ ጣሪያ ከጎን ይታየዋል። ስንት ቀን የሱን ስለካ ከረምኩ… የራሴን አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየሁም። ደክሞህ ነው ልለው አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። ልብሱን እዚያው ትቼ፣ ግድግዳውን ሳልነካ፣ ቀስ ብዬ ወረድኩ። የቤቴን ቁልፍ ተቀብሎኝ ኪሱ ከተተው።
ከኔ ቀጥሎ ያለውን ሰዓት ጠጋኝ፣ ሽማግሌውን ኩዋይን፣ አንኳኩተን ነገርነው። ግድግዳችን አንድ ነው። የሰዓት ማጉያውን ከዓይኑ ሳያነሳ ሳቀብን።
«እናንተ ሰዎች ደግሞ! ይኼ ቤት መቶ ዓመት ቆሟል።»
ቡን ቴክ ለመነው። እኔም ለመንኩት። ሻይ ጠጡ አለን።
ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ይዘንባል። ለኩዋይ ሦስቴ ደወልኩለት። ሁለቴ አነሳ፤ ሦስተኛውን ግን አላነሳም።