አንገቴን የመታው ኩርባ

ለማከብርሽና ለምወድሽ እህቴ፣ እንደ እናት ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለእትዬ፦

ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልሽ ባቡር በሰማይ ላይ የሚያስኬድ ሰው ነው። እሺ፣ ሰማይ ላይ አይደለም፤ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። የማስኬደውም እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ኢንጂነሩ ያስኬደዋል፣ እኔ እጮህበታለሁ። ሰላምታ ሳላቀርብ ጉራ መጀመሬን አይተሽ «እውነትም እሱ ራሱ ነው» ብትይ አይገርመኝም።

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ግድግዳ ትይዣለሽ ወይስ ተሻለሽ? የባለቤትሽ ሳል ለቀቀው? የልጅሽ የሚጡ የወለቀው ጥርስስ በቀለ? ጣሪያው ማፍሰሱን ተወ? እኔ ከአንገቴ በቀር ደህና ነኝ። የአንገቴን ነገር ኋላ እመጣበታለሁ።

በቅድሚያ ግን ቅሬታ አለኝ። በአጎታችን ልጅ በኩል፣ ደብዳቤውን ማንን ቀጥሮ ነው የሚያጽፈው፣ ፊደሉ ከፀባዩ ይልቅ የተስተካከለ ነው ብለሽ ልከሻል አሉ። እትዬ፣ ጣቴ እስኪደነዝዝ የማታ ትምህርት የተቀመጥኩት ለዚህ ነው? እኔ ለመሆኔ ማስረጃ ካስፈለገሽ፣ ልጅ ሆኜ መብራት ሲጠፋ «ፈርቼ አይደለም፣ አንቺን ልጠብቅሽ ነው» እያልኩ አልጋሽ ውስጥ እገባ ነበር። ይህን የሚያውቅ ቅጥር ጸሐፊ የለም። ደግሞም ብትጠረጥሪኝ አልፈርድብሽም፤ እኔም ሰሞኑን ማንንም አላምን ብዬ ነበር የከረምኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራበት መጫወቻ ቦታ ሮለር ኮስተር ሊያሠራ ነው፤ ከፍ ባለ ሐዲድ ላይ ሰው አሳፍሮ ሽቅብ ቁልቁል የሚምዘገዘግ ባቡር ማለት ነው። ብረቱ ከመቆረጡ በፊት ኢንጂነሩ ሐዲዱን በኮምፒውተር ይሠራዋል። ከዚያ አንድ ሰው ዓይን የሚሸፍን መነጽር አጥልቆ ከኮምፒውተሩ ጋር በሚወዛወዝ ወንበር ላይ ይቀመጥና የሌለውን ባቡር እንዳለ አድርጎ ይሳፈራል። ያ ሰው እኔ ነኝ። ድሮ የመጫወቻዎቹን ወንበር እወለውል ነበር፤ አሁን ራሴ ተቀምጬበት ደመወዝ እበላለሁ።

ሥራዬ ሐዲዱ አንገቴን ሲመታኝ መጮህ ነው። ሙሉ ባልዲ ውሃ ይዘሽ በር ላይ በአንዴ ከዞርሽ ውሃው እግርሽ ላይ ነው፤ ቀስ እያልሽ ከዞርሽ ግን ጠብ አይልም። ሐዲድም እንደዚያው ነው። ከቀጥታው ወደ ኩርባው ሲገባ መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ ጨመር፣ ከዚያ ሙሉ መታጠፍ አለበት። የሁለት ሐዲድ ጫፍ ስለገጠመ ብቻ ተገናኘ አይባልም ይላል ኢንጂነሩ። ማውራቱንስ ያውቅበታል።

ታዲያ በተሳፈርኩ ቁጥር እጮሃለሁ። ኢንጂነሩ ስክሪኑን አይቶ የጮህክበት ሦስተኛው ኩርባ ነው ይለኛል፤ እሱን አጉልቶ ያወጣና ያለሰልሰዋል። አስተካክያለሁ፣ ተቀመጥ ይለኛል። እቀመጣለሁ፤ ያው ይመታኛል። እንደገና አስተካክያለሁ ይላል፤ እንደገና ይመታኛል። ይሄ ሰውዬ ምንም እየሠራ አይደለም አልኩ በሆዴ። ስገባ ስክሪኑን ለምን ወደ ግድግዳው ያዞራል? ስጮህ ለምን ከንፈሩን ይነክሳል? ብረት ቆራጮቹ ሊመጡ ስለሆነ ሐዲዱን ከነችግሩ ሊያስረክብ ነው ብዬ ደመደምኩ። እኔ ደግሞ የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ ሚጡ ትሆናለች ብዬ ቃል ገብቼልሻለሁ። ያ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ አንገቷ ይታየኝ ጀመር።

ለካ እሱም እኔን ይጠረጥራል። ሐዲዱ ካለቀ ወደ ውልወላው ስለምመለስ፣ ከወንበሩ ላለመነሣት ሆን ብዬ የምጮህ መስሎታል። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ቀድሞ ለእኔ አለመምጣቱ ነው የገረመኝ።

ማክሰኞ ዕለት እንደ ልማዴ ተሳፈርኩ፤ እንደ ልማዴ ጮህኩ። ኢንጂነሩ መነጽሩን ከዓይኔ ላይ አንሥቶ ስክሪኑን አሳየኝ። ሦስተኛው ኩርባ የለም። ሳይነግረኝ አጥፍቶት ኖሯል፤ ሐዲዱ እዚያ ጋ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አላየህም ወይ ብትዪኝ፣ ለማንም እንዳትነግሪ እንጂ ከመጀመሪያው ቁልቁለት ጀምሮ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

«ቀጥ ያለ ሐዲድ ነው አንገትህን የመታህ?» አለኝ። «ነገ መወልወያህን ይዘህ ና፣ አንተ ጉረኛ።»

እትዬ፣ አንገቴ በእርግጥ ተመትቷል። ግን የሌለ ኩርባ መታኝ የሚለውን ማን ያምናል? ራሴንም ጠረጠርኩ። ጩኸታችን ሲበዛ የበሩ ዘበኛ፣ ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ማን ተጣላ ብለው ገቡ። እርስዎ ይሳፈሩና ይፍረዱን ብዬ ለመንኳቸው። እኔ የማውቀው በር መጠበቅ ነው፣ አንገቴንም ለዚሁ ነው የምፈልገው ብለው እያጉረመረሙ ተቀመጡ። ቆብዎን ያውልቁ ሲባሉ የሥራ ልብሴን በሥራ ሰዓት አላወልቅም አሉ።

ባቡሩ ተነሣ። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ቆባቸው ተፈናጥሮ ወለሉ ላይ ወደቀ። ጋሼ «ኧረ አንገቴን!» ያሉት ግን ባቡሩ ሦስተኛው ኩርባ የነበረበት ቦታ ሲደርስ ነው።

ኢንጂነሩና እኔ መጀመሪያ ቆቡን አየን፤ ከዚያ ተያየን። ባቡሩ ከመፍጠኑ የተነሣ አንገት ሁለተኛው ላይ ይመታል፣ አፍ ሦስተኛው ላይ ይደርሳል። ቆብ ግን አይዘገይም። በስክሪኑ ግርጌ አንገት ላይ የሚያርፈውን ጫና የሚያሳይ መስመር አለ፤ ኢንጂነሩ ሦስተኛውን ብቻ አጉልቶ ሲያፈጥ፣ ሁለተኛው ላይ እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ ቆሞ ኖሯል። አፍህ ይቀድምሃል ትዪኝ የለ? ዕድሜዬን ሙሉ ሲቀድመኝ የኖረ አፍ ሥራዬ ላይ ሲደርስ ዘገየ።

ኢንጂነሩ የሁለተኛውን መግቢያ አስረዝሞ መታጠፉ ቀስ ብሎ እንዲጀምር አደረገው፤ ሦስተኛውንም መለሰው። መርፌዋ ዝቅ ብላ እንደ ጉብታ ሆነች። ተሳፈርኩ፤ አፌን ከፍቼ ጠበቅኩ፤ የሚወጣ ነገር ጠፋ። መወልወያው ይቆይ ተባለ። ያም ኩርባ ለክብሬ በእኔ ስም ተሰይሞ፣ ስሙ በወረቀት ተጽፎ ከስክሪኑ በላይ ተለጥፏል።

ለባለቤትሽ ሰላም በይልኝ፤ በብርድ አይውጣ። ሚጡን ጉንጯን ሳሚልኝና አንገትሽ ምንም አይሆንም በያት። ለአጎታችን ልጅም ሰላምታዬ ይድረሰው፤ የሰው ሐሜት ሲያመላልስ እግሩን እንዳያመው። ለጎረቤትሽ ለልብስ ሰፊዋም እንደዚሁ። ደብዳቤውን ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፤ ዓይኔን የጨፈንኩበት ጋ ስትደርሺ ግን ዝለዪው።

ናፋቂሽ ወንድምሽ
ከሚወዛወዘው ወንበር አጠገብ፣ ኅዳር ፲፩ ቀን

እትዬ፣ ፖስታውን ላሽግ ስል ቅንድብሽን ሰቅለሽ ስታነቢ ታየሽኝ። ከላይ ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ አንዲት ነገር ብቻ ጨምሬአለሁ። ኩርባው በእኔ ስም አልተሰየመም። የሚባለው «የጋሼ ቆብ» ነው። ወረቀቱን የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ፤ ኢንጂነሩም ማን ጻፈለት ብሎ እንዳይጠረጥር ፊቱ ቆሜ ነው የጻፍኩት። ፊደሉ ከፀባዬ ይልቅ የተስተካከለ ነው።