እናትህ ስታዲየሙን ያዩ ቀን

ውዴ ደረጀ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ዓመት ተጋመሰ። እስካሁን ያልጻፍኩልህ የምነግርህ ጠፍቶ አይደለም፤ ልጀምር ስል እጄ ይከብደኛል። አሁን ግን አንድ ነገር ሆነና ሳልነግርህ ብቀር ደግ አይመስለኝም። እናትህ መጥተዋል።

አንተ በሕይወት እያለህ ስንት ጊዜ የተከለከሉት የአሜሪካ ቪዛ አሁን ተሰጣቸው። ኤርፖርት ስቀበላቸው አንገታቸው ላይ ተጠምጥሜ ሳለቅስ እሳቸው አላለቀሱም። ጀርባዬን እየዳበሱ “በቃ ልጄ፣ በቃ” ይሉኝ ነበር። ሄይዋርድ ቤታችን ገብተው በር ኋላ የተሰቀለውን የሥራ ጃኬትህን ሲያዩም እጅጌውን አስተካክለው አለፉ። እህል ግን እምብዛም አይቀምሱም፤ እንቅልፍም የላቸውም።

ልጃችን ቤዛ በቁመት በልጣኛለች። በአማርኛ ሳናግራት አሁንም የምትመልስልኝ በእንግሊዝኛ ነው። ኦክላንድ፣ አንተ ሣሩን ስትንከባከብበት በኖርከው በዚያ አሮጌ ስታዲየም፣ ከሴቶች ልጆች ቡድን ጋር ራግቢ መጫወት ጀምራለች። ጉልበቷ ተልጦ ስትመጣ ልቤ ድንግጥ ይላል፤ ግን አልከለክላትም። ስታዲየሙ ለጎብኚ ክፍት በሚሆንበት ቅዳሜ ደግሞ፣ አንተ ታደርገው እንደነበረው፣ እንግዶችን ታስጎበኛለች።

ባለፈው ቅዳሜ እናትህ “ልጄ የሠራበትን ቦታ አሳዩኝ” አሉን። ፈራሁ። ለምን እንደፈራሁ አታውቅም፤ ከሄድክ በኋላ የሆነ ነው። አዲስ አበባ ያሉት ወንድሞችህ ሲያረዷቸው፣ ሐኪም ቤት አልጋ ላይ እኛ ከብበንህ እንዳረፍክ ነው የነገሯቸው። ሜዳ ላይ ወድቀህ መቅረትህን ቢሰሙ አይችሉትም ብለው ነው። ቤዛ ይህን አታውቅም ነበር። በባቡሩ ስንሄድ ልነግራት አሰብኩ፤ እናትህ ግን በመካከላችን ተቀምጠው የሁለታችንንም እጅ ይዘው ነበር።

በሩ ላይ ስንደርስ ቤዛ ጉሮሮዋን ጠረገች። በእንግሊዝኛ እንደ ውሃ የምታንቆረቁረውን ንግግር በአማርኛ ለማለት ስትጥር ግንባሯን አላባት። “እንኳን ደህና መጣሽ አያቴ” አለች። እናትህ “አንቺ” መባላቸውን ሰምተው ፈገግ አሉ።

“ይሄ ስታዲየም በጣም አሮጌ ነው። አባዬ ከመወለዱ በፊት ነው የተሠራው። የራግቢ ነው፤ ግን የሁሉም ነው። እግር ኳስ አለ፣ ሩጫ አለ። ተማሪዎች እዚህ ይመረቃሉ። በፋሲካ ሰዎች ጠዋት መጥተው ይጸልያሉ። ወንበሩ እንጨት ነው፤ አባዬ ቀለም ይቀባው ነበር።”

እናትህ እንጨቱን በመዳፋቸው ዳበሱት። ከዚያ ረጃጅሞቹን የጎል ቋሚዎች አይተው መረቡ የት እንደሄደ ጠየቁ። ቤዛ መረብ እንደሌለው፣ ኳሱንም በእጅ ወደ ፊት መወርወር ክልክል እንደሆነ፣ ወደ ኋላ እየተቀባበሉ ወደ ፊት እንደሚሮጡ በእጇ እያሳየች አስረዳቻቸው። “ታዲያ መቼ ሊደርሱ ነው?” አሉ። ሦስታችንም ሳቅን። እኛ ቤት ሳቅ ከተሰማ ቆይቶ ነበር።

ሣሩ ጠርዝ ላይ ስንደርስ ቤዛ ቆመች። ምን ልትል እንደሆነ ገብቶኝ ክንዷን ያዝኩ፤ ግን ቀደመችኝ።

“አባዬ እዚህ ነው የሞተው” አለች።

እናትህ ወደ እኔ ዞሩ። “እውነት ነው?”

“እውነት ነው እማማ” አልኩ። “ጠዋት ሣሩን ሲያጠጣ ልቡ ቆመ። ሐኪም ቤት አልደረሰም።”

ጎንበስ ብለው ሣሩን ነኩት። እንዳይወድቁ ብዬ ተጠጋኋቸው። የጠየቁት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “ብቻውን ነበር?”

“አልነበረም አያቴ” አለች ቤዛ። “ሲዮኔ ነበር።”

ከቶንጋ ደሴቶች የመጣው፣ አብሮህ ሣር የሚያጭደው ያ ግዙፍ ጓደኛህ ያን ቀንም ሥራ ላይ ነበር። ቤዛ ሮጣ ጠራችው። ማን እንደሆኑ ስትነግረው ኮፍያውን አወለቀ። እንዴት ወድቀህ እንዳገኘህ፣ ራስህን ጭኑ ላይ አድርጎ አምቡላንሱ እስኪመጣ እንደጠበቀ ቀስ እያለ ነገራት፤ እሷም ቃል እየጠፋት ለአያቷ አስተረጎመች።

“ልጄ ምን አለ?” አሉ እናትህ።

“ምንም አላለም” አለ ሲዮኔ። “እጄን ግን ጨብጦኝ ነበር። የማደርገው ሲጠፋኝ በራሴ ቋንቋ ጸለይኩለት። እሱ ባይገባውም።”

“ገብቶታል በዪው” አሉ።

ከዚያ እጆቹን እንዲሰጣቸው ጠየቁት። ሲዮኔ ተንበረከከ፤ ተንበርክኮም ትከሻቸው ጋ ይደርሳል። ሁለቱንም እጆቹን ሳሟቸው፤ ግንባራቸው ላይ አኖሯቸው። ያኔ እንባቸው መጣ። “ደረጀዬ፣ ሳልቀብርህ የቀረሁ ልጄ” እያሉ ድምፃቸውን ለቀው አለቀሱ። ሲዮኔም አብሯቸው አለቀሰ።

ቤት ስንመለስ እናትህ በልተው ተኙ። ሲነጋ ለወንድሞችህ ደውዪልኝ አሉኝ። ይቆጧቸዋል ብዬ ሰጋሁ። “ልጄ በሰው እቅፍ ነው የሞተው” አሏቸው። “ሰምቻለሁ፤ እናንተም ከእንግዲህ አትጨነቁ።”

ደረጀ፣ ያረፍክበት ቀን በመጣ ቁጥር እዚያ ሣር ላይ እቆማለሁ። ሲዮኔ በቋንቋው ይጸልይልሃል፣ እኔ በእኔው። ቤዛ የምትወልዳቸው ልጆች አያታቸው ማን እንደነበረ፣ በማን ጭን ላይ እንዳረፈ ከእኔ አፍ ይሰማሉ። እስትንፋሴ እስካለ ስምህ ከቤታችን አይጠፋም።

የአንተው ሰናይት