የእትዬ ፋንታዬ የጋን መቆሚያ

ታኅሣሥ 9፣ ጠዋት 3 ሰዓት

የመስኮቱ ፍሬም አንድ ጎን ሲቀረው መብራት ሄደ። ጭንብሌን አወለቅሁ፣ እጄን ታጠብኩ፣ አንቺን ከመሳቢያ አወጣሁ፣ ደብተሬ። ሌላ ምን ይሠራል።

እትዬ ፋንታዬ መጥታ ነበር። (ከዚህ በኋላ እ/ፋ እላታለሁ፤ ወረቀት ይቆጠባል።) ከብየዳ ቤቴ ሦስተኛው ግቢ ናት። በዚህ ሰፈር የተዳረ ሁሉ በሷ ጠላ ነው የተዳረው፤ እኔም ጭምር። ክረምት ላይ ጭቃ አዳልጧት ቀኝ ትከሻዋ ወለቀ። ወጌሻ መለሰው፤ ክንዷ ግን ከደረቷ በላይ አልነሳ አለ። ከዚያ ወዲህ አልጠመቀችም። ሙሉ ጋን ሁለት ጎረምሳ አያነቃንቀውም፤ በአንድ እጅ እንዴት ተደርጎ።

ብረት ልታሠራ ነው የመጣችው። ሥዕል የላት፣ ልኬት የላት። ደጃፌ ላይ ቁጢጥ ብላ በግራ እጇ ጣት አቧራው ላይ ሣለችልኝ። ሦስት ደረጃ። ላይ የውሃ በርሜል፤ ውሃው በጎማ ራሱ ይወርዳል። መሀል ጋኑ፤ ግራና ቀኝ ተይዞ ተንጠልጥሎ፣ ስትነካው እንዲያጎነብስላት። ታች ማሰሮ።

ሳቅሁ። ጋን ማን ሰቅሎ ያውቃል አልኳት።

“ጨርቅ ልጅ ያዝላል። ብረት ጋን የማያዝለው ምን ሆኖ ነው?”

ጥር 16 የእህቷ ልጅ ትዳራለች፤ ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ እሷው ያሳደገቻት ናት። ዘመዶቹ በቃ ቢራ እናምጣ ብለዋል። “ያሳደግኳትን ልጅ በጠርሙስ አልድርም” አለችና አቧራዋን አራግፋ ሄደች። እሺ አላልኩም። እምቢም አላልኩም። ሥዕሉን ግን ሰው እንዳይረግጠው ዙሪያውን ድንጋይ አደረግሁበት።

ታኅሣሥ 11

ልለካ ሄድኩ። ጋኑ የእናቷ ነው። ጥቁር፣ ሆዳም፣ አንገቱ አጭር። ቁመት 92 ሴ.ሜ.። የሆዱ ዙሪያ 2 ሜ. ከ20። ሜትሬን ከአራት አቅጣጫ ይዤ ክብነቱን ፈተሽኩ። ደብተሬ፣ የጣት ስፋት ልዩነት የለውም! ያለ መዘውር፣ ያለ ሜትር፣ አንዲት ሴት ጭቃውን እየዞረች በእጇ ያወጣችው። እኔ በማሽን ቆርጬ ሁለት ሚሊ እስታለሁ።

እ/ፋ በጣቷ አንጓ መታችው። ግቢው ውስጥ ደወል የተመታ መሰለኝ። ቀጥላ አጠገቡ ያለውን ሌላ ጋን መታች። እሱ በዓይን ከመጀመሪያው ያምራል። ድምፁ ግን ዱብ ብሎ ቀረ። ውስጡ ተሰንጥቋል አለች፤ የሚታይ ነገር የለም እንጂ ውሃ ብትሞላው ሳይነጋ ያለቅሳል። ገበያ ላይ ሸክላ የሚገዛ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ቢገዛ ይሻለዋል አለችኝ።

ሲሞላ ከ150 ኪሎ በላይ ነው። ከሥሩ የምትቀመጠው እሷ ናት።



ታኅሣሥ 14፣ ከሰዓት

እሺ አልኳት። ለምን እንዳልኩ እንጃ።

እግሮቹ ውስጡ ባዶ የሆነ ወፍራም ቱቦላሬ ይሆናሉ፤ የበርሜሉ መቀመጫ ባለማዕዘን አንጎላሬ። ጋኑን ወገቡ ላይ የሚያቅፍ ቀለበት ከላሜራ፣ ከሥሩ ደግሞ በፌሮ የተሠራ ቅርጫት፤ መሀሉ ላይ ጨርቅ ይነጠፋል፣ ሸክላ ብረት እንዳይነካው። የሚያዞረው ነገር ነው የጎደለኝ። አያ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ።

አያ ሰይድ የድሮ መኪና ዕቃ ይሸጣል፤ ሱቁ ከመስጊዱ መታጠፊያ ላይ ነው። ሁለት እኩል ኩሽኔታ ስጠኝ አልኩት። ለምን ብሎ ጠየቀ። ልዋሸው አሰብኩና አፈርኩ። ለእትዬ ፋንታዬ ጋን ነው አልኩት። ከሣጥን ውስጥ የጭነት መኪና ኩሽኔታ አወጣ፣ በነጭ ጋዝ አጠበው፣ በጣቱ አሽከረከረው፣ ድምፅ የለውም። ሁለተኛውንም እንዲሁ።

“ጋኑ ውስጥ ያለው የሷና የጌታዋ ጉዳይ ነው” አለኝ። “ትከሻዋ ግን የጎረቤቴ ትከሻ ነው። ውሰድ።”

ታኅሣሥ 17

ውርደት። ቀለበቱንና ኩሽኔታውን ለሙከራ በበርሜል ላይ ገጠምኩት፤ ጋኑን እንዴት ልድፈር። ልክ ወገቡ ላይ ያዝኩት። ውሃ ሞላሁ። ገና በትንሹ ሳዘነብለው ውሃው ወደ አፉ ሮጠ፤ በርሜሉ ከእጄ ተነጥቆ ተገለበጠ። ሸሚዜ፣ ሱሪዬ፣ ሲሚንቶው፣ ሁሉም ረጠበ። ጋኑ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አፈር ነበር።

እ/ፋ አጥር ላይ ተደግፋ አይታለች። አልሳቀችም። እንስራ ተሸክመህ ታውቃለህ ወይ አለችኝ። እንዴት አውቃለሁ። ልጅ ሳለች ከወንዝ ውሃ ስትቀዳ ገመዱን ወገቡ ላይ ያሰረች ልጅ እንስራው ይገለብጣታል አለች፤ ከሆዱ ከፍ አድርጋ ያሰረች ግን ብትሮጥም አይፈስባት።

“አንድ ጋት ከፍ አድርገው። ያኔ ራሱ ቀና ማለት ይወዳል።”

አንድ ጋት ከፍ አደረግሁት። ሞላሁ። ገፋሁ። አጎነበሰ፣ አፈሰሰ፤ ስለቀው ቀስ ብሎ ራሱ ቀና አለ። ደጋግሜ ገፋሁት። እንደ ልጅ። ይህን ነገር ኮሌጅ በሰሌዳ ላይ ቀስት እየሣሉ አስተምረውኛል፤ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ዛሬ ነው የገባኝ።

ታኅሣሥ 22

አለቀ! ቁመቱ 2 ሜ. ከ30። ውሃ ልኩ ላይ አረፋዋ መሀል ቆመች። ብየዳው እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ ያበራል። ከኋላው የዞብል ተራራ፣ ፊት ለፊቱ የታጨደ ማሽላ። ቆሜ ሳየው ቆየሁ። በር ሠርቼ እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

ታኅሣሥ 24

እ/ፋ ልትረከብ መጣች። ጭልፋ ይዛ።

ከእግሩ ጀምራ እያንዳንዱን ብየዳ በጭልፋው መታች። ጆሮዋን አስጠግታ። ግርጌ፣ መሀል፣ ላይ። በግራ በኩል ኩሽኔታውን የሚይዘው ክንድ ጋ ስትደርስ ቆመች። መታች። ደገመች። በቀኝ ያለውን መታች፣ ተመልሳ ግራውን።

“ይሄ ታሟል።”

ደሜ ፈላ። እትዬ፣ ሸክላና ብረት አንድ አይደለም አልኳት። አሥራ አንድ ዓመት በይጃለሁ አልኳት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር፣ ደብተሬ፤ ላንቺ አልደብቅም። እሷ የእናቴን ጋን እዚህ ላይ አላስቀምጥም አለችና ወጣች።

ለሠርጉ ሦስት ሳምንት። ጥንስሱ በ10 ቀን ውስጥ ካልተጣለ አይደርስም።

በጣም ተናድጃለሁ። ብየዳው ያማረ ነው። ማንም ይየው።

ታኅሣሥ 25፣ ጠዋት 1 ሰዓት

አልተኛሁም። የብረት መሞረጃውን ግራይንደር አንስቼ የግራውን ክንድ ከፈትኩት። ያማረውን ብየዳ በላሁት። ላዩ ሁለት ሚሊ። ከዚያ ሥር ባዶ። ጥቁር፣ ቀዳዳ ቀዳዳ፣ ትንኝ የምታድርበት። ሁለቱ ብረት ተነካክተዋል እንጂ አልተዋሐዱም። በመዶሻ አንዴ ብመታው ክንዱ ወልቆ እግሬ ሥር ወደቀ።

አንዴ ብቻ ነው የመታሁት።

ያን ክንድ የበየድኩበትን ቀን አስታወስኩ። ከሰዓት ነበር፣ መብራቱ ደካማ። ኤሌክትሮዱ እየተጣበቀ አስቸገረኝ። ነገ ላድርገው ማለት ሲገባኝ ልጨርስ አልኩ። ላዩን አሳምሬ ሸፈንኩት፤ መሸፈኔንም አላወቅሁም።

ሴትዮዋ ብረት በይዳ አታውቅም። ኤሌክትሮድ በእጇ ይዛ አታውቅም። በጭልፋ መታ ሰማችው! ምን ዓይነት ጆሮ ነው? እናቷ ያወረሰቻት ጋኑን ብቻ ነው ብዬ ነበር።

ሄጄ ልንገራት። አሁኑኑ።

ያው ዕለት፣ 4 ሰዓት

ነገርኳት። ጭንቅላቴን ደፍቼ ይቅርታ አልኩ። እሷ ቆሎ ሰጠችኝ። “አብሽር” አለች፤ “እኔም ስንት ጋን ጠላ አበላሽቻለሁ። የተበላሸ ጠላ ግን ሰው ላይ አይወድቅም፤ ልዩነታችን እሱ ነው።” ከዚያ ስለ ጌሾ አወራች።

ጥር 1

ከአያ ሰይድ ጀነሬተር ተውሼ ሁለቱንም ክንድ እንደ አዲስ በየድኩ። እ/ፋ መታች። ሁሉም አንድ ዓይነት ጮኸ። ፈገግ እንኳ አላለችም፤ ጋኑን አምጡ ብቻ አለች።

መቆሚያውን በጋሪ ወሰድነው። አራት ሆነን ጋኑን አቅፈን አነሳነው። ቀለበቱ ውስጥ ገባ። ጨርቁ ላይ አረፈ። ዝም አለ። እሷ የግራዋ ቅጠል ቀጥፋ አጠበችው፣ በወይራ አጠነችው። ጭሱ ሲወጣ አፉን በአንድ እጇ ገፋ አደረገችው፤ ጋኑ አጎነበሰላት።

ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ስትጠርግ አየሁ። ጭሱ ነው አለች።

ጥር 8

ጥንስሱ በጥር 2 ተጥሏል፤ ትናንት የታመሰው ዱቄት፣ እንኩሮው፣ ገብቶ ድፍድፍ ሆኗል። ዛሬ ጠራችኝ። ና ስማ።

ጆሮዬን ጋኑ ላይ አደረግሁ። ደብተሬ፣ ይፈላል! እሳት የለም፣ ከሰል የለም፣ ቀዝቃዛ ሸክላ ነው፤ ውስጡ ግን ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይንሾካሾካል። እኔ ብረት ለማቅለጥ ስንት እሳት እተፋለሁ። እዚህ ውስጥ ማሽላና ብቅልና ቅጠል ራሳቸውን ያበስላሉ። ማን ነው የሚያነደው አልኳት። እኔ አስቀምጠዋለሁ፣ እሱ ይሠራል፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሳየው አልለመድኩትም አለች።

እጄን ብረቱ ላይ ሳሳርፍ በቀጭኑ ይርገበገባል። ወይም መሰለኝ።

ጥር 15

ትናንት ውሃው ከበርሜሉ በጎማ ራሱ ወርዶ ሞላው። ማንም እንስራ አልተሸከመም። ዛሬ ደግሞ ተጠለለ። ጨርቅ የተወጠረበት ማሰሮ ከሥር፣ እ/ፋ በርጩማ ላይ። ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቧል። ሙሉ ጋን።

በግራ እጇ ሁለት ጣት። ሁለት ጣት ብቻ፣ ደብተሬ። ጋኑ አንገቱን ሰበር አደረገ፤ ጠላው ቀጭን ክር ሆኖ ወረደ። ለቀቀችው፤ ቀና አለ። እንደገና። አያ ሰይድ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ “ማሻአላህ!” ሲል ሰማሁት። ለእሱና ለሌሎች ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቀሪቦ፣ የማያሰክረው መጠጥ፣ በሌላ ንጹሕ ዕቃ ተዘጋጅቷል፤ አንድ ብርጭቆ ይዞ ተቀመጠ፤ ዓይኑን ከኩሽኔታው ላይ አልነቀለም።

አንድ ጣሳ ቀመስኩ። ወይራው፣ ጌሾው፣ ደረቅ፣ ቀዝቃዛ።

ጥር 16፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ሠርግ። ሙሽራዋ ከመውጣቷ በፊት እ/ፋን ጉልበት ሳመች፤ ሁለቱም አለቀሱ። እንግዳው እየተነሳ መቆሚያውን ሊያይ ይሄዳል። እ/ፋ እጄን ይዛ እየዞረች እሱ ነው የሠራው ትላለች። ኮራሁ። በጣም ኮራሁ።

ከዚያ ከጎብዬ ከተማ የመጣ አንድ ሰውዬ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ሻይ ቤት አለው። አላስታወስከኝም አለ። ከሦስት ዓመት በፊት የውሃ ታንከር ማስቀመጫ ሠርቼለታለሁ። እስካሁን ንቅንቅ አላለም አለ፤ ሰፈሩ በሙሉ ከሥሩ ጀሪካን ደርድሮ ይቀዳል፣ ተባረክ አለኝ።

ጣሳውን አስቀመጥኩት። ያኔ በዚያ ሰሞን ጎብዬ ላይ መብራቱ እንዴት እንደነበር አውቃለሁ። እንዴት እንደበየድኩም አውቃለሁ። ላዩ ያማረ ነበር።

ሰውዬው እየሳቀ ሄደ። አልነገርኩትም። ሠርግ ነው ብዬ፣ ሰው መሀል ነው ብዬ። ሰበብ።

ጥር 17፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል

መናኸሪያ ነኝ። ጉልበቴ ላይ አድርጌሽ ነው የምጽፍ። ግራይንደሩ፣ ኤሌክትሮዱ፣ መዶሻው በከረጢት። የአያ ሰይድ ጀነሬተር ሚኒባሱ ላይ ታስሯል። እ/ፋ ከጎኔ ተቀምጣለች፤ ብቻህን አትሄድም አለች፤ የሠርግ ድካሟ እንኳ አልወጣላት።

ወሰንኩ። መጀመሪያ ታንከሩን አስፈስሳለሁ፤ ጀሪካኖቹን አስነሳለሁ። ከዚያ እያንዳንዱን መጋጠሚያ እንፈትሻለን። የታመመ ካለ ዛሬውኑ እከፍተዋለሁ። ከጎብዬ በኋላ ሮቢት ሁለት እንዲህ ያለ ሥራ አለኝ፣ እዚሁ ቆቦ አምስት። ሁሉንም እዞራለሁ።

ሰውዬው ትናንት መርቆኛል። ዛሬ ሊሰድበኝ ይችላል፤ ይስደበኝ። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳስብ ነው ያደርኩት። እ/ፋ ያለውን ተናገር፣ አታሳምረው አለችኝ። እንግዲህ እንዲህ እላለሁ፦ ደህና ነው ብዬህ ነበር፤ አላውቅም ነበር፤ ዛሬም አላውቅም፤ አብረን እንየው።

ሞተሩ ተነሳ። ማታ እጽፍልሻለሁ።