ብቻውን የመጣ አይገባም

መስከረም 6 ቀን 2018 ዓ.ም.
ድሬዳዋ

ለጥላ መናፈሻ የዓመት ማብቂያ ዝግጅት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ለክቡር አቶ ፍቅረ ማርያም

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል (ሌላም ነገር ይመለከታል፤ እያነበቡ ይደርሱበታል)

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ሙቀቱስ እንዴት ይዞዎታል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ የልጆችዎ ልጆች፣ አማቶችዎ፣ ሁሉም ሰላም ናቸው? ቤተሰብዎን እንዲህ አንድ በአንድ የምጠራው፣ ያለ ቤተሰብ የመጣ ሰላምታ እርስዎ ዘንድ አይገባ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ስሜ ዊዳድ ኢስሃቅ ነው። ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። የምኖረው ሳቢያን ሰፈር አክስቴ ቤት፣ የምሠራው ታይዋን ገበያ ዛኪር የሚባል ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ነው፤ የጌጥ መብራት፣ ቻርጀር፣ ማራገቢያ እንሸጣለን። ትምህርት ዘጠነኛ ክፍል ላይ አቁሜያለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ። የደብዳቤ አጻጻፍ ግን ስምንተኛ ክፍል ተምረናል። ቀኑ ከላይ፣ ጉዳዩ መሀል ይጻፋል፣ ንዴት ግን የትም አይጻፍም ብለውናል። እሞክራለሁ።

መጀመሪያ፣ መናፈሻውን ስላሳመሩልን አመሰግናለሁ። ወላሂ አምሮ ነበር። ዘንባባው ሁሉ ከእግሩ እስከ ራሱ መብራት ለብሶ፣ በሩ ላይ የፕላስቲክ አደይ አበባ ተደርድሮ፣ መሀል ላይ ደግሞ ከሰው ቁመት በሚበልጥ ፊደል «መልካም አዲስ ዓመት» ተብሎ በመብራት ተጽፎ። ይሄን ሁሉ መብራት ከእርስዎ በፊት ያየሁት እኔ ነኝ። ኮሚቴዎ መቶ ዘጠና ገመድ የገዛው ከእኛ ሱቅ ነው። ዛኪር «የገዛው ትልቅ ሰው ነው፣ አንድ የሞተ አምፖል እንዳይወጣ!» ስላለኝ፣ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጬ መቶ ዘጠናውንም ሶኬት ላይ እየሰካሁ ሦስት ቀን ሙሉ ፈትሻለሁ። የሞተውን አወጣሁ፣ የተላጠውን በጥቁር ናስትሮ ጠቀለልኩ። ስለዚህ መብራቱ ሁሉ ያውቀኛል። የማያውቀኝ በሩ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ፣ ይቅርታ፣ ወደ ቀሪው ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ። ጳጉሜ 1 ቀን ከሥራ ወጥቼ፣ ታጥቤ፣ የዒድ ቀሚሴን ለብሼ መጣሁ። በሩ ላይ «የቤተሰብ ምሽት። ብቻውን የመጣ አይገባም» የሚል ሰሌዳ ሰቅላችኋል። ጥበቃው ዐብዲራዛቅ ይባላል። ስለ እሱ ክፉ አልጽፍም፤ የታዘዘውን ነው የሠራው።

«ከማን ጋር ነሽ?» አለኝ።

«ከራሴ ጋር።»

«አቦ እህቴ፣ አትቀልጂ፣ ሥራ ላይ ነኝ። ሰው ይዘሽ ነይ።»

«እኔ ሰው አይደለሁም?»

«ሰውማ ነሽ። አንድ ነሽ እንጂ።»

ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ ብቻቸውን የሚመጡ ወንዶች ሴቶችን እያስቸገሩ ነው አለኝ። ክቡርነትዎ፣ ጅብ እንዳይበላት ብለው ፍየሏን ከበረት አስወጥተው በሩን ስለዘጉልን ከልብ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ። «ሰው ይዘሽ ነይ» ማለት ሰው ላለው ቀላል ነው። አባቴ ጭነት ይዞ ጅቡቲ ሄደና እዚያው ሌላ ቤት ከፈተ። ጓደኛዬ ሃምዳ ነሐሴ ላይ አግብታ ጅግጅጋ ገባች፤ አሁን መልእክት ስልክላት በአውራ ጣት ምልክት ነው የምትመልሰው። አክስቴ ቀመሪያ ባሏንና ልጆቿን ይዛ በጳጉሜ 2 ወደ እርስዎ መጥታለች። እኔም ለብሼ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሦስቱ ልጆችና እሷ ከኋላ ተጨናንቀው ገቡ፤ ከሹፌሩ ጎን ባሏ ተቀመጠ፤ ባጃጁ ሞላ። «አንቺ ትልቅ ነሽ፣ ሌላ ቀን ትሄጃለሽ» አለችኝ። አልዋሸችም፣ ትልቅ ነኝ። ቀሚሴን አውልቄ ዕቃ አጠብኩ።

ጳጉሜ 4 ቀን ግን ሰው ልዋስ ብዬ ወሰንኩ። አንድ ሰውዬ ከሚስቱና ከአራት ልጆቹ ጋር ሲገባ፣ ከኋላ ተጠግቼ የትንሿን ልጅ እጅ ያዝኩ። ልጅቷም መልሳ ጨበጠችኝ። ዐብዲራዛቅ እየቆጠረ ሳለ ሚስትየዋ ዞር አለች።

«ይቺ ማናት?» አለችው ባሏን።

«እኔ እንጃ!»

«እኔ እንጃ? የልጄን እጅ ይዛ እኔ እንጃ? ለካ ለዚህ ነው አምሽቶ መምጣት የበዛው!»

እኔ ነገር ላብርድ ብዬ «ኸረ እናቴ፣ ለመብራቱ ነው እንጂ ለባልሽ አልመጣሁም!» አልኳት። አልበረደም። ሰውየው «ወላሂ አላውቃትም አልኩሽ እኮ!» እያለ፣ እሷ ጫማዋን ልታወልቅ እያጎነበሰች፣ ስድስቱም ሳይገቡ ተመለሱ። ኮሚቴዎ ፌስቡክ ላይ «ስምንት ሺህ ቤተሰብ ተዝናንቷል» ብሎ ጽፏል። ስምንት ሺህ አንድ ይሆን ነበር፤ ያጎደልኩት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ።

ሦስተኛ። ይሄን ቁጥር ቀስ ብለው ያንብቡልኝ።

እናቴ ሳሕራ ትባላለች። ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ከሄደች ስድስት ዓመቷ ነው። አሠሪዋ ስልኳን የምትሰጣት አርብ አርብ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ለግማሽ ሰዓት ነው። እዚህ እያለች ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ የማን በዓል ነው ሳንል፣ ከሳቢያን በእግራችን እስከ ከዚራ ሰፈር እንሄድ ነበር። ሱቆቹ ያንጠለጠሉትን መብራት እንቆጥራለን፤ እኔ ቀዩን፣ እሷ አረንጓዴውን። የተሸነፈ አይስክሬም ይገዛል። ሁልጊዜ የምትሸነፈው እሷ ነበረች። አሁን ሳስበው ትቆጥር እንደነበርም እጠራጠራለሁ።

የእርስዎን መብራት ስፈትሽ በነበረበት ሳምንት በኢሞ ደወለችና ነገርኳት። «መስከረም 2 አርብ ነው የሚውለው። መናፈሻው ውስጥ ሆኜ አሳይሻለሁ፤ እያንዳንዱን እኔ ነኝ የፈተሽኩት» አልኳት። በስድስት ዓመት ውስጥ ለእናቴ የገባሁት ቃል ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ ይሄ ነው።

አርብ ስልኩ ሲጠራ ሰልፉ ውስጥ ነበርኩ። ፊቷ መጣ፤ ኩሽና ውስጥ ቆማ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ እንግዳ እንደምትቀበል ሰው። በዚህ መሀል ተራዬ ደረሰ።

«ዛሬስ ከማን ጋር ነሽ?» አለኝ ዐብዲራዛቅ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ከስልኩ ውስጥ «ከእኔ ጋር ናት!» የሚል ድምፅ ወጣ። «ልጄ ናት! ከእኔ ጋር ናት! አስገባት የኔ ወንድም!»

ሰልፉ ሁሉ ዞረ። ዐብዲራዛቅ ስልኩን ተቀብሎ አያት። «ሰላም ነሽ እናቴ፣ ጅዳ እንዴት ነው፣ ሙቀቱ እንደኛ ነው?» አላት፤ ጨዋ ነው። ከዚያ «አብሽሪ፣ ልጠይቅልሽ» ብሎኝ ወደ ውስጥ ገባ። ሲመለስ ፊቴን አላየኝም።

«አለቃ ቤተሰብ በአካል ነው አሉ። በስልክ አይቆጠርም።»

ይሄን እናቴም ሰምታለች።

ክቡርነትዎ፣ በስልክ ያለ ቤተሰብ የማይቆጠር ከሆነ፣ ከከተማችን ልጅ ግማሹ የሙት ልጅ ነው፤ ይሄን ስላሳወቁን አመሰግናለሁ። እኔ ግን «በአካል» የሚለውን ቃል ቀድሞም አውቀዋለሁ። ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ አስተማሪያችን ዳስተር ወረወረብኝ፤ እኔም ዕቃው የእሱ ስለሆነ መልሼ ወረወርኩለት። ግንባሩን አገኘው። «ወላጅ አምጪ» ተባልኩ። ወላጄ ጅዳ ናት፣ በስልክ ላናግርዎት ወይ ብል፣ «በአካል» አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ አሁንም ወላጅ እያመጣሁ ነው። እናቴ እንደምታውቀው ግን ዐሥራ አንደኛ ክፍል ልገባ ነው። ሁለተኛው ቃሌ ትምህርቴን አላቋርጥም የሚል ነበር። ይሄን የሚያነብ የጅዳ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ይሄን አንቀጽ ዝለሉላት።

ከግማሽ ሰዓቱ የቀረው ጥቂት ነበር። በአጥሩ ዙሪያ ሮጬ፣ ስልኩን በብረቱ መሀል አስገብቼ አሳየኋት። ትልቁ ጽሑፍ ፊቱ ወደ ውስጥ ነው፤ እኛ ካለንበት የሚታየው ጀርባው ነው፣ ፊደሉ ሁሉ ተገልብጦ።

«ይሄ ምን ቋንቋ ነው?» አለች።

«አማርኛ ነው እማ፣ ከጀርባው ስለሆነ ነው።»

«አይ፣ ያምራል» አለች። «ጀርባው እንዲህ ያማረ ፊቱ እንዴት ይሆን!»

አንድ ሌላ ጥበቃ መጥቶ አጥር ላይ መንጠልጠል ክልክል ነው እያለኝ፣ እኔም እሱን ልሰድብ አፌን እየከፈትኩ፣ እናቴ ቶሎ ብላ «አረንጓዴው ዐሥራ አራት ነው፣ አንቺስ?» አለች። ስልኩ ተዘጋ። እኔ መቁጠር አልጀመርኩም ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፈችኝ።

አራተኛ። አራተኛን በንዴት ስለጻፍኩት ዛኪር አንብቦ ቀደደው። «አንቺ ልጅ፣ ሰውየው ለሚመጣው ዓመትም መብራት ይገዛናል» አለ። እርስዎ ያልሰሙት ነገር ስለማይጎዳዎት ለዛኪር ምስጋና ይድረሰው።

አምስተኛውና የመጨረሻው እውነተኛ ምስጋና ነው፤ በመጨረሻ ገብቻለሁና። ቅዳሜ፣ መዝጊያው ዕለት፣ ለምን እንደመጣሁ ሳላውቅ መጥቼ አጥሩ ሥር ቆሜ ነበር። አንድ ጋሽ ክፍሉ የሚባሉ የባቡር ጡረተኛ፣ ሱፍ ለብሰው በዚያ ሙቀት፣ በሩ ላይ ደረሱ።

«አባባ፣ ከማን ጋር ነህ?» ተባሉ።

ዞር ዞር አሉ። ኋላ እንደነገሩኝ፣ ዓመት ሲያልቅ ሁልጊዜ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ እፀገነት ጋር ነበር የሚወጡት፤ ባለፈው ታኅሣሥ ቀብረዋቸዋል። እንደዚህ ዓይነት ጥያቄ ተጠይቀው አያውቁም። ሲዞሩ እኔን አዩኝ።

«ከዚህች ልጄ ጋር» አሉ።

ዐብዲራዛቅ የእሳቸውን ማተብ አየ፣ የእኔን ሂጃብ አየ። ደግሞ ማተቡን አየ። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰና «ድሬ ነው፣ ይኖራል። ግቡ» አለ።

ከስምንት ሺሁ ቤተሰብ አንዱ እኛ ነን ማለት ነው። ከገባን በኋላ ግን ቤተሰብ ምን እንደሚባባል አላወቅንም። ትንሽ አብረን ሄድን። እሳቸው «ትምህርት እንዴት ነው?» አሉ፤ እኔ «ደህና ነው» አልኩ። ዋሸሁ፣ ለቤተሰብ የሚዋሸውን። ሄደው ሁለት አይስክሬም ገዝተው ተመለሱ፤ ሁለት መያዛቸውን ራሳቸው ሲያዩ ደነገጡ። «እጄ ለምዶ ነው» አሉና አንዱን ሰጡኝ። የሎሚ ነበር፤ እኔ የሎሚ አልወድም፣ ግን ጨረስኩት። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ እሳቸው በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ ተቀመጥን። በመሀላችን ሁለት ሰው የሚበቃ ቦታ ነበር።

ጽሑፉን ፊት ለፊት ቆሜ ፎቶ አነሳሁትና ለእናቴ ላክሁላት። እስካሁን አላየችውም። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ አርብ ታየዋለች። እርስዎ ደግሞ እሑድ ጠዋት መብራቱን አውርደዋል፤ ለፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ሲጠቀልሉት እባክዎ አያጣጥፉት፤ ናስትሮ ያለበት ቦታ ይላጣል፣ ለከርሞም የምፈትሸው እኔው ነኝ።

ሰላምታዬ ብቻዋን ብትመጣ በር ላይ እንዳትመለስ ፈርቼ፣ ከአክብሮቴ ጋር አያይዤ ልኬያታለሁ። አክብሮቴን ካላመኑት መታወቂያ ይጠይቁት።

ዊዳድ ኢስሃቅ
(አንድ ሰው)

ግልባጭ፦
ለዐብዲራዛቅ፣ በሩ ላይ
ለጋሽ ክፍሉ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ
ለእናቴ ለሳሕራ፣ ጅዳ (ስለ ትምህርት ቤት ከሚለው አንቀጽ በስተቀር)

የረሳሁት፦ በሚመጣው ዓመት ያንን ትልቅ ጽሑፍ ሲሰቅሉ ፊቱን ወደ ውጭ ያዙሩልን። ውስጥ ያሉት ሰው ይዘው ነው የገቡት። መልካም ዓመት የሚመኝለት ያጣው አጥሩ ላይ ነው የቆመው።